ሰባት ቤት ሲቆጠር

ሊፍቱ ተበላሽቷል ሲሏት ተናኘወርቅ እፎይ አለች ማለት ይቻላል። ከነጋ ጀምሮ «ዛሬ ምን ይበላሽብኝ ይሆን?» እያለች ስትጠብቅ ነበርና፣ አሁን ቢያንስ የሚመጣው መዓት ምን እንደሆነ ታወቀ።

«ያውልሽ! አላልኩሽም?» አለች የሽንኩርት ቢላዋዋን እያወዛወዘች። «አሮጊቷ እስከ ስድስተኛ ፎቅ በእግራቸው ሊወጡ ነው! መሀል ላይ ልባቸው ቀጥ ይልና የልጄ ሽምግልና ለቅሶ ሆኖ ያርፈዋል!»

«አንቺ ደግሞ፣ ሰውን ገና ሳይመጣ ቅበሪው!» አለች ፀሐይወርቅ። ፀሐይወርቅ የስደት ጓደኛዋ ናት፤ ድስቷን ጭኗ ላይ ታቅፋ፣ ከኤድመንተን ሁለት አውቶቡስ ቀያይራ ነው የመጣችው። «ከአሜሪካ ድረስ የበረሩ ሴትዮ የቶተንሃም ደረጃ ይገድላቸዋል?»

«አውሮፕላን ላይ እኮ ቁጭ ብለው ነው የመጡት!»

ዘመኑ ለንደን ኦሎምፒክን ልታስተናግድ ሽር ጉድ የምትልበት ክረምት ነበር፤ እዚህ ክረምት ማለት ፀሐይ የምትወጣበት ነው። በየሱቁ ደጃፍ ባንዲራ ይውለበለባል፤ ሰው ሁሉ ስለ ሩጫ ያወራል። ተናኘወርቅ ግን የራሷ ሩጫ ነበራት። ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንድ ልጇን ዳናዊትን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ።

ጠያቂው ኤልዊን ይባላል። ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ። መጀመሪያ ዳናዊት «ከአሜሪካ ነው» ስትላት ተናኘወርቅ «ጥቁር ነው ነጭ?» ብላ ጠይቃ ነበር። ሁለቱም አይደለም። ካዮዋ ነው፤ ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ ከመምጣቱ በፊት በዚያ አገር ከነበሩት ሕዝቦች የአንዱ ልጅ። አባትና እናቱን በሰባት ዓመቱ የመኪና አደጋ ነጥቆታል። ያሳደጉት የአባቱ እናት ናቸው፤ ኦክላሆማ ከሚባል አገር ለዚሁ ጉዳይ ሲሉ በስተርጅና የመጀመሪያ የባሕር ማዶ ጉዟቸውን አድርገዋል።

ፀሐይወርቅ ነገሩን ከሰማች ጊዜ ጀምሮ መቀለዷን አላቆመችም። «ታዲያ ፈረሱን የት ሊያስር ነው? እዚህ ሰፈር ፓርኪንግ በፐርሚት ነው!»

«ፀሐይዬ፣ ዛት ኢዝ ሶ ሬሲስት!» አለች ዳናዊት ከመኝታ ቤት፣ ጆሮ ጉትቻዋን እያደረገች።

«ምን አጠፋሁ? የእኔም አያት ፈረሰኛ ነበሩ። ፈረስ ነውር ነው እንዴ?»

ዳናዊት ሳቀች። ከጠዋት ጀምሮ ትስቃለች። በሐበሻ ቀሚሷ ኮሪደሩ ላይ ትሽከረከራለች፣ ትዘፍናለች፣ ስልኳን ታያለች፣ እንደገና ትሽከረከራለች። በሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ደክሟት የምትመጣው ነርስ የት እንደገባች እንጃ። ተናኘወርቅ ልጇን እንዲህ ስታያት ልቧ በደስታ ይዘልና ወዲያው ያንኑ ልቧን ብርድ ይይዘዋል።

ሰው ተናኘወርቅን ፈሪ ይላታል። እሷም አትክድም። ፍርሃቷ ግን አብሯት አልተወለደም። ጉለሌ ልጅ ሳለች አንድ የአምስት ዓመት ወንድም ነበራት። ለጥምቀት አዲስ ጫማ ተገዝቶለት፣ ጫማውን ካላወለቅህ ሲሉት እያለቀሰ፣ ጫማውን አድርጎ እየተኛ፣ ቤቱን በሳቅ ሲያናውጠው ከረመ። በበዓሉ ሳምንት ኩፍኝ ያዘው። አገር ነጭ ለብሶ ታቦት ሊያጅብ ሲወጣ እነሱ ጥቁር ለበሱ። እናቷ የልጁን ስም በሰማች ቁጥር ራሷን እየሳተች ስትወድቅ ጊዜ፣ አባቷ አንድ ቀን ቤተሰቡን ሰብስቦ «ከእንግዲህ ስሙ በዚህ ቤት እንዳይጠራ» አለ። አልተጠራምም። ሁለቱም አርጅተው እስኪሞቱ አልተጠራም። ተናኘወርቅ ለንደን ገብታ፣ አግብታ፣ ወልዳ፣ ባሏንም ቀብራ፣ በቤተ ክርስቲያን ለሙታን በሚጸለይበት ጊዜ የአባቷን፣ የእናቷንና የባሏን ስም ለቄሱ ትሰጣለች። የዚያ ልጅ ስም ግን ጉሮሮዋ ላይ ይቀራል። ከዚያ ጥምቀት ወዲህ ደስታ ደጇን ባንኳኳ ቁጥር፣ መጀመሪያ የምታየው ከኋላው ማን ተደብቆ እንደመጣ ነው።

ዛሬ ደግሞ ደስታው ትልቅ ነው። ዳናዊት አስቀድማ ቁርጡን ነግራታለች፦ «እማ፣ እወደዋለሁ። ግን አንቺና ጋሽ ኃይለመለኮት እሺ ካላላችሁ አላገባውም። ያለ ምርቃት ቤት አልገባም።» ስለዚህ የሚበላሸው ነገር ዛሬ ከተበላሸ፣ የሚበላሸው የልጇ ዕድሜ ነው።

«መጡ! መጡ!» ዳናዊት ከመስኮቱ ጮኸች።

ሦስቱም ተጋፍተው ወደ ታች አዩ። ከፊት የሚሄዱት አቶ መዝገቡ ናቸው፤ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ ካፌ ያላቸው፣ ኤልዊን ቁርስ ሲበላ ተዋውቀው ሽማግሌ ሊሆኑለት የተስማሙ ሰው። ከኋላቸው ኤልዊን ፍሪጅ የሚያህል ሻንጣ ይጎትታል። ከጎኑ እንደ ሻማ ቀጥ ያሉ አሮጊት፣ ሁለት ረጃጅም ሽበታም ሹሩባ ትከሻቸው ላይ ጥለው ይራመዳሉ።

«ሻንጣውን አየሽው?» ተናኘወርቅ ደረቷን ያዘች። «ጠቅልለው ነው የመጡት! ሊቀሩ ነው! ዳናዊት፣ አያቱ የት ነው የሚተኙት?»

«እማ፣ ሆቴል ነው ያረፉት። ሪላክስ አድርጊ፣ ፕሊስ!»

«ለአንድ ከሰዓት ያን የሚያህል ሻንጣ?»

«ምናልባት ፈረሱ ይሆናል» አለች ፀሐይወርቅ።

በሩን ከፍተው ሲጠብቁ ከደረጃው ዜማ መጣ። አሮጊቷ በየፎቁ ያርፋሉ፤ ሲያርፉ በለሆሳስ ያዜማሉ፤ ከዚያ ይወጣሉ። ቃሉ የማይታወቅ፣ ረጋ ያለ፣ ከሆድ የሚወጣ ዜማ ነው። የጎረቤት በሮች አንድ በአንድ ተከፈቱ። አንዲት ጃማይካዊት ጎረቤት «አሜን!» አለቻቸው ምኑንም ሳታውቅ።

አያቱ እማማ ኦራ ገቡ። ትከሻቸው ላይ ዘርፉ የተንዠረገገ ጥቁር ሻርፕ አለ፤ ተናኘወርቅ ልክ እንደ ነጠላ ማጣፋታቸውን ስታይ ገረማት። አሮጊቷ ምንም ሳይሉ ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙና ዓይን ዓይኗን አዩዋት። እጃቸው ሞቃት ነበር። ተናኘወርቅ ሳታስበው ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ቃጣች።

«አይ እማ!» አለች ዳናዊት እየሳቀች፣ እያለቀሰች።

ጋሽ ኃይለመለኮት ቀድመው ደርሰው ትልቁ ወንበር ላይ ተሰይመዋል። የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ በወጣትነታቸው ዲያቆን የነበሩ፣ ደንብ የሚባል ነገር ከጠፋ ዓለም ይጠፋል ብለው የሚያምኑ ሰው።

በወጉ መሠረት እንግዶቹ አልተቀመጡም።

«ቁጭ በሉ እንጂ» አሉ ጋሽ ኃይለመለኮት።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ መዝገቡ፣ ያጠኑትን እንደሚወጣ ተማሪ። «ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን ልንለምን ነው የመጣን።»

«እናንተ ማለት? አንድ ሰው ብቻ ነው የማየው።»

«እኔና እማማ ኦራ።»

«ሴት ሽማግሌ? ይሄን በየት አገር ሰማህ?»

«ጋሼ፣ አገሩ ለንደን ነው» አለች ፀሐይወርቅ ከጓዳ። «ለዚያውም ስድስት ፎቅ በእግራቸው የወጡ። እርስዎ እንኳ አራተኛው ላይ ተቀምጠው ነበር።»

ሳቅ ሆነ። ጋሽ ኃይለመለኮትም ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው ፈገግ አሉ። ነገሩ ሊያምር ነው! ኤልዊን ዳናዊትን በዓይኑ ሰርቆ አያት። ተናኘወርቅ በሳህኑ ላይ ያለውን ዳቦ እንደገና አስተካከለች፤ እንደገናም አስተካከለች።

«መልካም» አሉ ጋሽ ኃይለመለኮት። «በወጉ ቀጠሮ እንሰጣችሁ ነበር። እናታችን ሰኞ ይመለሳሉ ስላላችሁ ዛሬውኑ መልስ እንሰጣለን። ብቻ ልጁ ዘሩን ይቁጠርልን።»

«ሰባት ቤት?» አቶ መዝገቡ ደነገጡ። «ጋሽ ኃይለመለኮት፣ ኦክላሆማና ጉለሌ የት ተገናኝተው ይዛመዳሉ ብለው ነው?»

«አዳም አንድ ነው። ደንብ ደንብ ነው። ሰባቱን ባይደርስም የቻለውን ያህል። አባቱን እንኳ ይንገረን።»

ዳናዊት ተረጎመችለት። ኤልዊን ቀጥ ብሎ ቆመና በተለማመዳት አማርኛ «ስሜ ኤልዊን ነው» አለ።

«ጎሽ! የአባትህስ ስም?»

ኤልዊን አያቱን አየ። አያቱ ሻርፓቸውን ያዙ።

«የአባትህ ስም፣ ልጄ?»

«መናገር አልችልም» አለ በእንግሊዝኛ፣ በቀስታ።

ለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለገም። የተናኘወርቅ ሐሳብ እንደ ሰኔ ጎርፍ ወረደ። አባቱ ሰው ገድሏል። እስር ቤት ነው። አልሞተም፤ ሞተ ያለን ውሸቱን ነው። ወይስ ልጁ ሌላ ቦታ ሚስት አለው? ከደስታው ኋላ የተደበቀው፣ ቀኑን ሙሉ የጠበቀችው፣ ይኸው ወጣ!

ዳናዊትን በክንዷ ጎትታ ጓዳ አስገባቻት። «የአባቱን ስም ታውቂዋለሽ?»

«እማ... ነግሮኝ አያውቅም።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ተዋውቃችሁ እንዲህ ያለ ነገር...»

«ስጠይቀው ዝም ይላል። ሐዘን ነው ብዬ ተውኩት።» የዳናዊት ፊት አመድ መስሏል። ጠዋት ስትሽከረከር የነበረችው ልጅ አሁን የጓዳውን ግድግዳ ተደግፋለች።

ከሳሎን የጋሽ ኃይለመለኮት ድምፅ ተሰማ። «አባቱን ለማይጠራ ሰው ልጅ አንሰጥም! ከዘራዬን አምጡልኝ!»

«ኧረ ይቀመጡ! ጥፋቱ የእኔ ነው» ይላሉ አቶ መዝገቡ። «ሁሉን ነገር አስጠንቼው፣ ለባዕድ ዘር አይቆጠርም ብዬ ይቺን ዘለልኳት!»

ተናኘወርቅ ተመልሳ ስትወጣ ጋሽ ኃይለመለኮት ተነስተው በሩ ጋ ደርሰዋል። በዚህ ጊዜ እማማ ኦራ እጃቸውን ወደ ዳናዊት ዘረጉ። «ምን ነበር የጠየቁት?» አሉ። ዳናዊት ነገረቻቸው። አሮጊቷ አልተቆጡም። ራሳቸውን ቀስ አድርገው ነቀነቁና ተናገሩ፤ ዳናዊት ቃል በቃል እየተከተለች ወደ አማርኛ መለሰችው።

«በእኛ ቤት የሞተ ሰው ስም አይጠራም። በወረቀት ተጽፏል፤ በአፍ ግን አይነሳም። ልጄ የሞተ ቀን ጸጉሬን ቆረጥኩ፣ ስሙንም መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ይህ ልጅ አባቱን የማይጠራው አፍሮበት አይደለም። እኔ እዚህ ቆሜያለሁ። ስሙ ቢጠራ ሐዘኑ የሚያርፈው እኔ ላይ ስለሆነ ነው።»

ተናኘወርቅ የዳቦውን ሳህን እንደያዘች ቀረች። ስሙ በዚህ ቤት እንዳይጠራ። የአባቷ ድምፅ ነበር፣ ከጉለሌ፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን ወዲያ። እንዴት ነው እነዚህ ሰዎች የእሷን ቤት ነገር ያወቁት? ሳህኑን አስቀመጠችና፣ ወደፊት መሄድ የማያውቅ እግሯ ወደፊት ሄደ። በሩና በጋሽ ኃይለመለኮት መካከል ቆመች።

«ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉ።»

«ምን አልሽ?»

«ቁጭ ይበሉ አልኩ፤ ቢቆጡም ይቆጡ!» ድምፅዋ ወፍሮ ወጣ። ፀሐይወርቅ ማማሰያዋን ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች። «እኔም የማልጠራው ስም አለኝ። ወንድም ነበረኝ። ከሞተ ጀምሮ አንድም ቀን አልጠራሁትም። እናቴን ይገድላታል ተብሎ። እሷ ከሞተች በኋላ ደግሞ እኔን የሚገድለኝ እየመሰለኝ።»

«እማ?» አለች ዳናዊት። በእናቷ በኩል አጎት እንደነበራት አታውቅም ነበር።

ተናኘወርቅ አፏን ከፈተች። ጣሪያው ይወድቃል ብላ ጠበቀች። ቢያንስ ቢያንስ የጭስ አላርሙ ይጮኻል።

«ዘማርያም» አለች።

ጣሪያው አልወደቀም። ከታች የአውቶቡስ ጥሩምባ ተሰማ። ድስቱ ይንተከተካል። «ዘማርያም» አለች ደግማ፣ ጮክ ብላ፣ ከዚያ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየ ነገር ከሆዷ ወጣ። «ጫማውን አድርጎ ነበር እኮ የሚተኛው! ፀሐይዬ፣ ጫማውን አድርጎ!»

ፀሐይወርቅ ማማሰያዋን ጥላ አቀፈቻት። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትናገረው ቀልድ ጠፋት።

ዳናዊት እንባዋን እየጠረገች ለእማማ ኦራ ነገሩን አስረዳች። አሮጊቷ ረጅም ጊዜ ተናኘወርቅን አዩ። ከዚያ ለልጅ ልጃቸው አንድ ቃል ተናገሩና ኤልዊን ያን ፍሪጅ የሚያህል ሻንጣ መሀል ወለል ላይ አጋድሞ ከፈተው። የሱፍ ብርድ ልብስ! ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ ጥለቱ እንደ መብረቅ የሚጠማዘዘው፣ በላይ በላዩ ታጭቋል። እማማ ኦራ ከሁሉ ያማረውን አንስተው የተናኘወርቅን ትከሻ አለበሱት፤ ልክ ሙሽራ ካባ እንደሚደረብላት።

«ይህ ለሠርጉ ነበር የመጣው» አሉ። «በእኛ ወግ የተከበረ ሰው አይቀበልም፤ ይሰጣል። ስምም ከመሬት በባዶ እጅ አይነሳም፤ ቤተሰቡ ሰጥቶ ነው የሚያነሳው። የማነሳበትን ቀን ስፈልግ ኖሬያለሁ። ይቺ ሴት የወንድሟን ስም ካነሳች፣ እኔም የልጄን አነሳለሁ።»

ለጋሽ ኃይለመለኮት አንድ አለበሱ። ለአቶ መዝገቡ አንድ። ለፀሐይወርቅ አንድ። ደጃፉ ላይ ቆማ አንገቷን ለምታሰግገው ጃማይካዊት ጎረቤት ሳይቀር አንድ። ክፍሉ በአንዴ እንደ መስቀል ሜዳ ደመቀ። ከዚያ አሮጊቷ መሀል ላይ ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የልጃቸውን ስም ጠሩ። በራሳቸው ቋንቋ ነበር። እዚህ መጻፉ የእኛ ድርሻ አይደለም፤ የእነሱ ነው። ኤልዊን ግን ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያልሰማውን ድምፅ ሲሰማ ያ ሁሉ ቁመቱ ታጠፈ፤ ወለሉ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። ዳናዊት አጠገቡ ተቀመጠችና ራሱን ደረቷ ላይ አስደገፈችው። ማንም ነውር ነው አላለም።

«ልጅ ሆኜ ነጮች ያስገቡን አዳሪ ትምህርት ቤት ቋንቋችንን ከልክሎን ነበር» አሉ እማማ ኦራ። «መዝሙራችንን ግን ሌሊት በብርድ ልብስ ውስጥ እንዘምረው ነበር። ልጄ ሲሞት መጸለይ አቃተኝ፤ ቃል ጠፋኝ። እግዚአብሔር ግን ያንኑ መዝሙር መልሶ አመጣልኝ። በሱ ነው ከአልጋዬ የተነሳሁት። ደረጃችሁንም የወጣሁት በሱ ነው።»

ዘመሩት። ያ ከሆድ የሚወጣ ረጋ ያለ ዜማ ነው። ጋሽ ኃይለመለኮት ቀይ ብርድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን እንደ መቋሚያ ተደግፈው ሰሙ። መዝሙሩ ሲያልቅ «ሃሌ ሉያ» አሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንድ ቤት ተቆጠረ። ስድስት ይቀራል።»

«ጋሼ!» ሁሉም ጮኸ።

«ስድስቱን እግዚአብሔር ይቁጠረው! ልጃችንን ሰጥተናል! ተቀመጡ፣ ምን ያስቆማችኋል?»

የፀሐይወርቅ እልልታ ስድስቱንም ፎቅ አቀለጠው። ጃማይካዊቷ አጨበጨበች። አቶ መዝገቡ ሚስታቸው ጋ ሊደውሉ ስልካቸውን ፍለጋ ኪሳቸውን ሁሉ ገለበጡ። ተናኘወርቅ ብቻ ድንገት እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ወጡ! በርበሬው ብዙ ነው! እማማ ኦራ ቢያንቃቸውስ?»

እማማ ኦራ ሁለት ጊዜ አስጨምረው በሉ።

በማግሥቱ እሁድ ተናኘወርቅ በሞቃቱ ጠዋት በነጠላዋ ላይ የሱፍ ብርድ ልብሷን ደርባ አውቶቡስ ተሳፈረች። ሰው ቢያያትም ግድ አልሰጣት። እማማ ኦራ አጠገቧ ሻርፓቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። ከቅዳሴው በፊት ቄስ ሰይፈሥላሴ ዘንድ ቀርባ እንደ ልማዷ የአባቷን፣ የእናቷንና የባሏን ስም ሰጠች። ቄሱ አበቃች ብለው ዞር ሊሉ ሲሉ እጃቸውን ያዘች።

«አንድ አለ፣ አባ። ዘማርያም። የክርስትና ስሙም ይኸው ነው።»

«ማን ነው እሱ፣ ልጄ? አንስተሽው አታውቂም።»

«ወንድሜ ነው» አለች ተናኘወርቅ። ፊቷ በራ። «አምስት ዓመቱ ነው። አዲስ ጫማ ተገዝቶለታል።»